ባስ ሲመታ ድምፁ ድርግም ሚለው አምፑ ተርቦ ነው

(ስክሪኑ ጥቁር፣ ድምፅ ብቻ፦ ባስ ይመታል፣ ድርግም፣ ይመለሳል፣ ደግሞ ድርግም)

ሰማችሁት አደል? ባሱ ሲመታ ጭጭ ይላል፣ ትንሽ ቆይቶ ይመለሳል፣ ደግሞ ሲመታ ጭጭ። ሰላም ናችሁ የድሬ ልጆች፣ ከሌላም ከተማ የምታዩኝ ሰላም ናችሁ። ይሄን የአምፕ፣ ማለት የድምፅ ማጉያ፣ ቦርድ ያመጣልኝ ሳቢያን ጸጉር ቤት ያለው ልጅ ነው፣ "አቦ ወንድሜ አስጨረሰኝ፣ ሁለተኛዬ ነው፣ ሁለቱም ያው ናቸው፣ ትንሽ ሲጮህ ይጠፋል" አለኝ። ፈትቼ አየሁት፣ ቺፑ ደህና፣ ካፓሲተሮቹ ደህና፣ የተቃጠለ ነገር የለም። ምን ላይ ሰክተህ ነው ምትሰራበት ስለው ከቦርሳው አዳፕተር አወጣ።

(ካሜራ አዳፕተሩ ላይ ይጠጋ፣ ጽሑፉ ይነበብ)

12 ቮልት 1 አምፔር ይላል። የዋይፋይ ራውተር አዳፕተር ነው። በቃ ሌላ ምርመራ አላስፈለገም።

እስቲ አስሉት፣ 12 ቮልት ሲባዛ በ1 አምፔር 12 ዋት ነው። ይሄ አዳፕተር በሕይወቱ ከዛ በላይ መስጠት አይችልም፣ ቦርዱ ላይ ደግሞ 50 ሲደመር 50 ዋት ተብሎ ተጽፏል። አምፕሊፋየር ኃይል አያመርትም፣ ከፓወሩ ያገኘውን ኃይል በሙዚቃው ልክ እየቆረሰ ለስፒከሩ ያቀብላል፣ ስራው እሱ ነው። ባሱ ሲመታ አምፑ ብዙ አምፔር ይጠይቃል፣ አዳፕተሩ ይጨነቅና ቮልቱ ይወድቃል፣ ቺፑ ቮልቱ ከልክ በታች ሲወርድበት ራሱን ያጠፋል፣ ሲጠፋ ጭነቱ ይቀላል፣ ቮልቱ ይመለሳል፣ ቺፑ እንደገና ይነሳል፣ ቀጣዩ ባስ ይመጣና ያው ነገር ይደገማል። ልጁ ሁለት ቦርድ የገዛው ለዚ ነው፣ ሶስተኛም ቢገዛ አይለወጥም ነበር፣ ያ ነው ያናደደኝ፣ ብሩ እኮ ላቡ ነው።

አሁን ወደ ዋናው ሂሳብ ልግባ፣ አትሽሹ፣ ማባዛትና ማካፈል ብቻ ነው። በነዚ ትንንሽ ቦርዶች ላይ አንድ ስፒከር ቢበዛ ስንት ዋት ያገኛል ካላችሁ ቮልቱን በራሱ አባዙት፣ ከዛ ለስፒከሩ ኦም (ኤሌክትሪኩን ሚቋቋምበት ልክ፣ ጀርባው ላይ ይጻፋል) ሁለት እጥፍ አካፍሉት። ሁለት እጥፍ ያልኩት ድምፅ ማዕበል ስለሆነ ነው፣ ጫፉን ሚነካው ለቅጽበት ነው፣ አማካዩ ግማሹ ነው። ስለዚ 12 ቮልት ላይ 8 ኦም ስፒከር ብታስሩ 144 ሲካፈል ለ16፣ 9 ዋት። እዛው 12 ቮልት ላይ 4 ኦም ብታስሩ 18 ዋት። በ19 ቮልት 8 ኦሙ ወደ 22፣ 4 ኦሙ ወደ 45 ይሄዳል። በ24 ቮልት 36 እና 72 ይመጣል፣ የ72ቱን ግን እርሱት፣ ትንሿ ቺፕ ሙቀቱን አትችለውም።

(ቦርዱ በእጅ ተይዞ፣ ሂትሲንኩ (ሙቀት ማብረጃ ብረቱ) ተነስቶ ቺፑ ይታይ)

ይቺ ቺፕ ቲፒኤ 3116 ትባላለች፣ የቴክሳስ ኢንስትሩመንትስ ስራ ናት፣ ገበያ ላይ ካሉት ሰማያዊና ቀይ ቦርዶች ብዙዎቹ ላይ እሷ ናት ያለችው ወይ የሷ ነኝ የምትል አለች። ፋብሪካው ራሱ 50 ሲደመር 50 ሲል በ21 ቮልትና በ4 ኦም ስፒከር ነው ያለው። ሻጩ ቁጥሩን ብቻ ያነባል፣ ቮልቱንና ኦሙን አያነብም። እናንተ 12 ቮልትና 8 ኦም ይዛችሁ 50 ዋት ብትጠብቁ ጥፋቱ የቦርዱ አደለም።

ደግሞ ዋት ሲጨምር ድምፅ በዛው ልክ ሚጨምር እንዳይመስላችሁ። ዋቱ እጥፍ ሲሆን የሚጨምረው 3 ዴሲቤል ነው፣ ጆሮ "ትንሽ ከፍ አለ" ይላል እንጂ እጥፍ ሆነ አይልም። ስፒከር ላይ ግን ሰው ማያየው ቁጥር አለ፣ በ1 ዋት በ1 ሜትር ርቀት ስንት ዴሲቤል ይሰጣል የሚለው። 90 ዴሲቤል ሚሰጥ ስፒከር በ10 ዋት ሚጮኸውን ያህል ለመጮህ 84 ሚሰጠው 40 ዋት ይፈልጋል። አራት እጥፍ! ስለዚ ከአሮጌ ዴክ የወጣ ትልቅ የእንጨት ሳጥን ያለው ሰልባጅ ስፒከር ካገኛችሁ አትናቁት፣ እኔ ብሆን ትልቅ አምፕ ፍለጋ ብር ከማወጣ እሱን ነው ምይዘው።

እሺ ፓወሩን ከየት እናምጣ? ለኔ ለቤትና ለሱቅ አንደኛው ያገለገለ የላፕቶፕ ቻርጀር ነው። ታይዋን ገበያ ውስጥ ብትዞሩ አታጡትም። 19 ቮልት 3.42 አምፔር ሚለው 65 ዋት ነው፣ 4.74 ሚለው 90 ዋት ነው። የተዘጋ ነው፣ 220ው እጃችሁን አይነካም፣ ከ100 እስከ 240 ቮልት ስለሚቀበል ሰፈር ውስጥ መብራት ሲደክምም ውጤቱ 19 ላይ ይቆማል። "ሁለት ስፒከር 45 45 ከሆነ 65 ዋት ይበቃል ወይ?" ትሉኝ ይሆናል፣ ሙዚቃ ሁልጊዜ ጫፍ ላይ አይኖርም፣ አማካዩ ከጫፉ በጣም ያነሰ ነው፣ ስለዚ ለመደበኛ ጨዋታ ይበቃል። ሙሉ ቀን ከፍታችሁ ምታጮሁ ከሆነ 90ውን ያዙ። አዲሶቹን ታይፕ ሲ ቻርጀሮች ግን ሽቦ ቆርጣችሁ አትሞክሩ፣ ከመሳሪያው ጋ ሳይነጋገሩ ከ5 ቮልት በላይ አይሰጡም።

አንድ ማስጠንቀቂያ አለኝ፣ እባካችሁ ይቺን አትዝለሏት። 19 ቮልት ለ3116 ምግብ ነው፣ ለሌላው መርዝ ነው። ፓም 8610 ሚባለው ቺፕ 15 ቮልት ጣሪያው ነው፣ ቲዲኤ 7297 ሚባለው 18 ነው፣ ያቺ ሚጢጢዋ ፓም 8403 ደግሞ የ5 ቮልት ናት፣ የሞባይል ቻርጀር ነው የምትፈልገው። ሂትሲንኩን አንስታችሁ ቺፑ ላይ ያለውን ቁጥር ሳታነቡ ምንም አትሰኩ።

ትራንስፎርመር ምትወዱ ሽማግሌዎች አላችሁ፣ አከብራችኋለሁ፣ ግን እዚ ጋ ነው ብዙ ቦርድ ሲያልቅ ያየሁት። 24 ቮልት ትራንስፎርመር ማለት 24 የኤሲ ነው፣ በዳዮድ አልፎ ካፓሲተር ላይ ሲደርስ በ1.41 ይባዛል፣ የዳዮዱን ቀንሱለትና ከ32 ቮልት በላይ ነው። 3116 እስከ 26 ድረስ ነው እንዲሰራ የተባለው፣ 30 ላይ ትሞታለች። በሰኩት ሰከንድ ጧ። ትራንስፎርመር ካላችሁ 15 ቮልቱን ተጠቀሙ፣ እሱ 20 አካባቢ ይሰጣችኋል፣ መብራቱ ቢጨምር እንኳ የሚተነፍስበት ቦታ አለው።

(የብረት ሳጥን ፓወር ሰፕላይ ጠረጴዛ ላይ፣ ከሶኬት የተነቀለ)

ይሄ ቀዳዳ ቀዳዳ ብረት ለኤልኢዲ መብራት ሚሸጠው 24 ቮልት 5 አምፔር ነው፣ ጎበዝ ነው፣ ግን ሶስት ነገር እዩለት። በጎን በኩል 110 እና 220 የሚል ትንሽ ማብሪያ አላቸው አንዳንዶቹ፣ 110 ላይ ተቀምጦ እኛ 220 ብንሰካበት ውስጡ ያሉት ትላልቅ ካፓሲተሮች ይፈነዳሉ፣ ከመሰካታችሁ በፊት 220 ላይ ግፉት። ሁለተኛ፣ የ220 ብሎኖቹ ሜዳ ላይ ናቸው፣ ልጅ ያለበት ቤት ሳጥን ውስጥ ሳታስገቡት አታስቀምጡት፣ መሬቱንም እሰሩ። ሶስተኛ፣ ብሎኖቹ አጠገብ ቮልት ማስተካከያ ትንሽ ቢጫ ወይ ነጭ ነገር አለች፣ ቴስተር ሳትይዙ አትንኳት፣ እንዲያውም ወደ 22 አውርዷት። ርካሽ ቦርዶች ላይ ያሉት ካፓሲተሮች አንዳንዴ 25 ቮልት የተጻፈባቸው ናቸው፣ 24 ሲሰጣቸው ጫፍ ላይ ነው ሚኖሩት፣ በድሬ ሙቀት ደግሞ ዕድሜያቸው ያጥራል። እኔ በ35 ቮልት እቀይራቸዋለሁ፣ ካውያና ስታግኖ ላለው ሰው የአስር ደቂቃ ስራ ነው።

ስፒከር ጋ እንምጣ። ከጀርባው የተጻፈው ከጠፋ ቴስተሩን ኦም ላይ አድርጋችሁ ለኩት፣ 6 ወይ 7 ካሳየ 8 ኦም ነው፣ 3 አካባቢ ካሳየ 4 ኦም ነው፣ ቴስተር የሚለካው የሽቦውን ብቻ ስለሆነ ሁሌም ዝቅ ይላል። ሰው ሚሳሳተው ሲደርብ ነው። ሁለት 4 ኦም ስፒከር ፖዘቲቭ ከፖዘቲቭ፣ ኔጌቲቭ ከኔጌቲቭ ካሰራችሁ 2 ኦም ይሆናል፣ አምፔሩ እጥፍ ይሆናል፣ 3116 ደግሞ በስቴሪዮ ከ3.2 በታች አትፈልግም፣ ትሞቃለች፣ ራሷን ታጠፋለች፣ ፓወሩም አብሮ ይጨነቃል። በአንድ ቻናል ሁለት 4 ኦም ከፈለጋችሁ ተከታታይ እሰሯቸው፣ የአንደኛውን ኔጌቲቭ ከሁለተኛው ፖዘቲቭ፣ 8 ኦም ይሆናል። ዋቱ ይቀንሳል፣ አዎ፣ ግን አይጠፋባችሁም።

ትዊተር (ቀጭኑን ድምፅ ሚያወጣው ትንሹ ስፒከር) ሚያቃጥለውም ትልቅ አምፕ ብቻ አደለም፣ የተራበ አምፕም ያቃጥለዋል። ቮልት ያጠረው አምፕ ቮልዩሙ ሲከፈት የማዕበሉን አናት ይቆርጠዋል፣ ያ የተቆረጠ አናት ከላይ ባለው ቀጭን ድምፅ ውስጥ ብዙ ኃይል ይከታል፣ እሱን ሚቀበለው ትዊተሩ ነው። ድምፁ ሲሰነጠቅ ከሰማችሁ ቀንሱ።

ብሉቱዝ ቦርድ ከአምፑ ጋ በአንድ ፓወር ስታሰሩ ደግሞ "ዚዚዚ" ሚል ድምፅ ይመጣል፣ መሬታቸው በሁለት መንገድ ስለሚገናኝ ነው። ብሉቱዙን በሌላ የሞባይል ቻርጀር ለብቻው አስነሱት፣ ከጠፋ ምክንያቱ እሱ ነው፣ ከዛ ቢ0505 ሚባለውን የብሉቱዙን ፓወር ከአምፑ ሚለይ መለያያ ታስገባላችሁ።

አሁን ባጃጁ። እነሆ ቆሟል፣ ባለቤቱ ከከዚራ መጋላ ሲመላለስ ነው ሚውለው።

(ባጃጁ፣ ከኋላ መቀመጫው ስር ያለው ሽቦ ይታይ)

ይሄ አዲስ አምፕ ገዝቶ ሲያስገባ አንድም ድምፅ አልሰጠውም። ለምን? ድሮ የነበረው ቴፕ የስፒከሩ ኔጌቲቭ ቦዲ ላይ የታሰረ ነበር፣ ለዛ ለድሮው ችግር የለውም። የአሁኖቹ ቦርዶች ግን ሁለቱም የስፒከር ሽቦዎች ሕያው ናቸው፣ አንዱ ሲገፋ ሌላው ይስባል፣ ኔጌቲቩን ቦዲ ላይ ስታሰሩት ሾርት አደረጋችሁት ማለት ነው። ማረጋገጫው ቀላል ነው፣ ስፒከሩን ንቀሉና የቴስተሩን ጥቁር ባትሪ ኔጌቲቭ ላይ፣ ቀዩን በየተራ ሁለቱ የስፒከር ቀዳዳዎች ላይ፣ ሁለቱም ጋ ቮልት ካሳየ ቦዲ አታስነኩ። የግራና የቀኙን ኔጌቲቭም አታገናኙ። ለዚ ልጅ ከአምፑ እስከ ስፒከሩ ለእያንዳንዱ ሁለት ሁለት ሽቦ ዘረጋንለት፣ ቦርዱ ጥበቃ ስለነበረው አልሞተም፣ ዘፈነ።

ዘፈነ ግን ባሱ ላይ ይደክማል። ባትሪው አዲስ ነው፣ 12.6 ያሳያል። ባጃጅ ላይ 4 ኦም ስፒከር በአንድ ቻናል 18 ዋት፣ ሞተር ተነስቶ 14.4 ሲደርስ 26 ዋት፣ ከዛ ማለፍ የለም፣ ቢሆንም ይሄ ከዛም በታች ነበር። ቴስተሩን ባትሪው ላይ ሳይሆን አምፑ ላይ አደረግነው፣ ባስ እየመታ።

(ቴስተሩ በቅርበት፣ ቁጥሩ ሲወርድ ይታይ)

እዩት፣ 12.4፣ ባስ፣ 10.7። ቴስተር ቀርፋፋ ስለሆነ እውነተኛው ከዛም ይወርዳል። ባትሪው ላይ ስንለካ ግን ከ12.3 አልወረደም። ቮልቱ መንገድ ላይ ነው የቀረው፣ ፓወሩ የመጣው በተቀጠለ ፀጉር በሚመስል ሽቦ ነው፣ ባሱ ሲመታ እስከ 6 አምፔር ይሄድበታል፣ ሽቦው 0.3 ኦም ቢኖረው ወደ 1.8 ቮልት በልቶ ያስቀራል። ቆርጠን ጣልነው፣ ከባትሪው በቀጥታ 2.5 ካሬ ሽቦ፣ ኔጌቲቩም እንደዛው ወፍራም፣ ባትሪው ስር 7.5 አምፔር ፊዩዝ። ፊዩዙን አትርሱ፣ ያለ ፊዩዝ ሽቦው ቦዲ ቢነካ ባጃጁ በእሳት ይያያዛል።

አሁን ያንኑ ዘፈን፣ ያንኑ ቮልዩም። ባስ። 12.2። ደግሞ ባስ። 12.2።