ጉዞው የሚጀምረው ፌርማታው ላይ ነው

የተከበራችሁ የማኅበራችን አባላት፣
ከትራንስፖርት መሥሪያ ቤቶች፣ ከትራፊክ ፖሊስና ከየክፍለ ከተማው ጥሪያችንን አክብራችሁ የመጣችሁ እንግዶቻችን፣
ክቡራትና ክቡራን፣

እንኳን ለዓመታዊ ጉባኤያችን በሰላም መጣችሁ። ወደ ንግግሬ ከመግባቴ በፊት በዚህ ዓመት በከተማችን መንገዶች ሕይወታቸውን ላጡ ወገኖቻችን የአንድ ደቂቃ የኅሊና ጸሎት እንድናደርግ በአክብሮት እጠይቃለሁ።

አመሰግናለሁ። ፈጣሪ ነፍሳቸውን ይማር፤ ለቤተሰቦቻቸው መጽናናትን ይስጥልን።

አዲስ አበባ ውስጥ በመንገድ አደጋ ከሚሞቱት አብዛኞቹ እግረኞች እንደሆኑ ሁላችሁም ታውቃላችሁ። እግረኛ የምንለው ደግሞ ሌላ ሰው አይደለም። ከአውቶቡስ የወረደው፣ ታክሲ ለመያዝ የሚሻገረው፣ ከባቡር ጣቢያ ወጥቶ ወደ ሰፈሩ የሚያቀናው የእኛው ተሳፋሪ ነው። ስለዚህ የዘንድሮው ጉባኤ ስለ ኅብረተሰብ ተሳትፎ፣ ስለ ደኅንነትና ስለ ዘላቂ ትራንስፖርት እንዲመክር ሲወሰን፣ እኔ ሦስቱን ለያይቼ ማየት አልሆነልኝም። ሦስቱም አንድ ቦታ ላይ ይገናኛሉ፤ ፌርማታ ላይ። እዚያ ያልተሳካ ነገር ሌላ ቦታ አይሳካም ብዬ አምናለሁ፤ ዛሬ የምናገረውም ይህንኑ ነው።

በከተማችን የትራንስፖርት ሰነዶች ላይ በተደጋጋሚ የሚጠቀስ አንድ ስሌት አለ። ከየዕለቱ ጉዞ 54 በመቶው በእግር፣ 31 በመቶው በሕዝብ ትራንስፖርት፣ የቀረው 15 በመቶ በግል መኪና ነው። ከመቶ ጉዞ ሰማንያ አምስቱ የእግረኛውና የተሳፋሪው ነው ማለት ነው። ለረጅም ዘመን መንገዱን ያሰፋነው፣ ማሳለጫውን የገነባነው፣ ማቆሚያውን የፈቀድነው ግን በአብዛኛው ለአሥራ አምስቱ ነበር። ይህ መታረም የጀመረው በቅርቡ ነው።

እስቲ ምሽት አሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ መገናኛ ወይም ሜክሲኮ ያለውን ሰልፍ በዓይነ ኅሊናችሁ ተመልከቱት። አውቶቡሱ ይመጣል። ገባ ብሎ የሚቆምበት ቦታ ላይ ግን ሁለት የቤት መኪናና አንድ ሚኒባስ ቆመውበታል። ሾፌሩ ምርጫ ስለሌለው መሀል አስፋልት ላይ ይቆማል። በዚያች ቅጽበት ሰልፉ ይፈርሳል። ልጅ ያዘለች እናት ከእግረኛ መንገዱ ወርዳ፣ በቆሙት መኪኖች መካከል ሾልካ፣ ከኋላ የሚመጣውን ሞተር ብስክሌት ሳታይ ወደ በሩ ትሮጣለች። ከእግረኛ መንገዱ ላይ ቢሆን በቀላሉ የሚወጡት ደረጃ አሁን ከአስፋልቱ ሲለካ ጉልበት ድረስ ነው፤ አንድ አዛውንት የበሩን ብረት በሁለት እጃቸው ይዘው እግራቸውን ለማንሣት ይታገላሉ፣ ከኋላቸው ያለው ወጣት "አባባ፣ አይዞዎት" እያለ ይደግፋቸዋል። ዓይነ ስውሩ ተሳፋሪ "ስንት ቁጥር ነው?" ብሎ ይጠይቃል፤ በግፊያው መሀል የሚመልስለት የለም። ከአውቶቡሱ ኋላ የተደረደሩት መኪኖች ጥሩምባ ያንባርቃሉ፤ መኪኖቹ ሁሉ በቆሙበት ነዳጅ ያቃጥላሉ፤ ጭሱ እዚያው የቆመው ሰው ፊት ላይ ነው።

ይህ ሁሉ የሚሆነው ለአንድ አውቶቡስ የሚበቃ የፌርማታ ቦታ በሦስት መኪና ስለተያዘ ነው። ሚሊዮን ብሮች የሚፈጅ ፕሮጀክት አይጠይቅም። ቀለም፣ ምልክት፣ ቦታውን የሚያስከብር አንድ ትራፊክ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ "እዚህ ፌርማታ ላይ ምን ቸገራችሁ?" ብሎ የሚጠይቅ መሥሪያ ቤት ይጠይቃል።

መጠየቅ ካልኩ ዘንድ የኅብረተሰብ ተሳትፎ የምንለውን ነገር በግልጽ እናንሣው። እስካሁን የለመድነው አካሄድ እንዲህ ነው፦ ጥናቱ ያልቃል፣ ንድፉ ይጸድቃል፣ ከዚያ አዳራሽ ይከፈትና ነዋሪው "ግንዛቤ እንዲያገኝ" ይጠራል። ውኃ ይታደላል፣ ስላይድ ይታያል፣ ከኋላ ወንበር አንድ እናት እጃቸውን አውጥተው "ፌርማታው ከጤና ጣቢያው ራቀብን" ይላሉ። "ጥሩ አስተያየት ነው፣ ተመዝግቧል" ይባላሉ። ፌርማታው ግን የተወሰነው ከወራት በፊት ነው። ይህን ተሳትፎ ብሎ መጥራት ለሕዝቡ ያለንን አክብሮት ያሳንሰዋል። ማኅበራችን የሚጠይቀው መስመሩ ወረቀት ላይ ከመሰመሩ በፊት መጠየቅን ነው።

ቀላል ባቡሩን እንውሰድ። በመስከረም 2008 ዓ.ም. ሥራ ሲጀምር ሁላችንም አንገታችንን ቀና አድርገናል። ከቃሊቲ እስከ ምኒልክ አደባባይ፣ ከአያት እስከ ጦር ኃይሎች፣ በድምሩ ወደ 34 ኪሎ ሜትር የሚሆን፣ 39 ጣቢያዎች ያሉት፣ በኤሌክትሪክ የሚሄድ የከተማ ባቡር! ጠዋት ከሰሚት ተነሥቶ ስታዲየም አካባቢ የሚሠራ ሰው ምን ያህል እንደተገላገለ ራሱ ይናገር። ነገር ግን ሐዲዱ በብዙ ቦታ መሀል አስፋልት ላይ በአጥር ተከልሎ ስላለፈ፣ ፊት ለፊት የሚተያዩ ሰፈሮች ተራራቁ። ቀድሞ አስፋልቱን ተሻግራ ጎረቤቷ ቤት ቡና የምትጠጣ እናት ማቋረጫ ፍለጋ ረጅም መንገድ መዞር ግድ ሆነባት። ተሳፋሪውም ወደ ጣቢያው ለመድረስ መጀመሪያ ፈጣን መኪኖች የሚያልፉበትን መንገድ መሻገር አለበት። በየቀኑ ያን ቦታ የሚሻገሩ ሰዎች ከመሐንዲሱ ጋር አብረው ቢሄዱ ኖሮ፣ ማቋረጫው የት መሆን እንዳለበት በአንድ ጠዋት ያሳዩት ነበር።

ስለዚህ ተሳትፎ ስንል በእግር የሚደረግ ይሁን። የመሥሪያ ቤቱ ባለሙያ ከነዋሪዋ ቤት በር ተነሥቶ እስከ ፌርማታው አብሯት ይሂድ፤ ያውም ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ በጥድፊያው ጊዜ፣ አንዴ ደግሞ መብራት በሌለበት በጨለማ። ሴቶች የትኛው ፌርማታ ላይ ማታ መቆም እንደሚፈሩ እዚያው ይነግሩታል። ተራ አስከባሪው ሰልፉ በስንት ሰዓት እንደሚረዝም በቃሉ ያውቀዋል። ትኬት ቆራጯ የትኛው ደረጃ እንደሚያደናቅፍ፣ የትኛው በር እንደማይዘጋ ታውቃለች። ይህን ዕውቀት በደመወዝ ከምንቀጥረው አማካሪ በፊት በነፃ እናገኘዋለን። ከዚያ በኋላ የተጠየቀው ነገር የት እንደደረሰ፣ ከተሠራ መቼ፣ ካልተሠራ ለምን እንደሆነ በዚያው ፌርማታ ላይ ይለጠፍ። ሰው አስተያየት መስጠት የሚሰለቸው መልስ ሲያጣ ነው።

ጥሩ ሥራ ሲሠራ ደግሞ ማመስገን ያስፈልጋል። ከ2011 ዓ.ም. ጀምሮ በ"መንገድ ለሰው" ቀን አስፋልቱ ለእግረኛ ሲለቀቅ፣ ልጆች መሀል መንገድ ላይ ኳስ ሲጫወቱ አይተናል። ለገሃር መስቀለኛ መንገድ ላይ በቀለምና በጊዜያዊ መከለያ ብቻ የእግረኛው መሻገሪያ እንዲያጥር ሲደረግ፣ ብዙ ኮንክሪት ሳይፈስ ምን መሥራት እንደሚቻል ታይቷል። የኮሪደር ልማቱ በደረሰባቸው መንገዶች ሰፊ የእግረኛ መንገድና የብስክሌት መሥመር ተሠርቷል። እኛ የምንለው፣ ይህ ሲሠራ ፌርማታው ወዴት እንደሚዛወር ተሳፋሪው ቀድሞ ይወቅ፣ ይጠየቅም ነው።

አሁን ስለ ፍጥነት። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው አማካይ ፍጥነት በ1 በመቶ ሲጨምር ሞት የሚያስከትል አደጋ የመድረስ ዕድል በ4 በመቶ ይጨምራል። ሾፌር አባሎቻችን ደግሞ በእጃቸው ባለው መሪ ያስሉት። በሰዓት 50 ኪሎ ሜትር የሚነዳ ሰው፣ ልጅ ዘልሎ ሲገባበት አይቶ እግሩ ፍሬን እስኪነካ አንድ ሰከንድ ቢፈጅበት፣ በዚያች ሰከንድ ውስጥ 14 ሜትር ያህል ተጉዟል። በ30 ቢሆን 8 ሜትር ነው። በመካከላቸው ያለው ስድስት ሜትር የአንድ ዜብራ ስፋት ያህል ነው። ትምህርት ቤትና ፌርማታ አካባቢ 30 ይሁን የምንለው ለዚህ ነው።

ነገር ግን ሾፌሩን ብቻ መውቀስ ከእውነት ያርቀናል፤ በዚህ ጉዳይ ላይ ትንሽ ልቆይ። የሚኒባስ ሾፌር ማለዳ ሲወጣ ለመኪናው ባለቤት የሚያስገባው የቀን ገቢ ተቆርጦለታል። ነዳጁን ይሞላል፣ የረዳቱን ይከፍላል፣ የተረፈችው የእሱ ናት። በትራፊክ መጨናነቅ የቆመበት እያንዳንዱ ሩብ ሰዓት የሚቀነሰው ከልጆቹ ዳቦ ነው። ስለዚህ መንገዱ ሲከፈትለት ይበርራል፤ ከፌርማታው ወጥቶ ሰው ይለቅማል፤ ረዳቱም በር ላይ ተንጠልጥሎ ይጣራል፤ ምሽት ላይ ደግሞ በደከመ ዓይን ይነዳል። ቅጣት ቢበዛበት ቅጣቱን ለማካካስ የባሰ ይፈጥናል። ይህን የሚያስተካክለው የአከፋፈል ለውጥ ነው፦ ሾፌሩ በደመወዝና በተወሰነ የሥራ ሰዓት የሚሠራበት፣ ባለንብረቶች በማኅበር ተደራጅተው ገቢውን የሚካፈሉበት አሠራር። ከባለንብረቶች ጋር የምናደርገው ውይይት ከባድ እንደሚሆን አውቃለሁ። ቢሆንም በዚህ ጉባኤ መጀመር አለበት፤ በየዓመቱ ከመቃብር ስንመለስ የምንነጋገርበት ጉዳይ ሆኖ መቅረት የለበትም።

ስለ አየራችን ስናገር ከተማችን ያለችበትን ከፍታ አልረሳም። አዲስ አበባ በአብዛኛው ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ላይ ናት፤ አየሩ ስስ ነው፤ ያረጀ የናፍጣ ሞተር በቂ ኦክስጅን ስለማያገኝ ነዳጁን አሟጦ አያቃጥለውም፤ ያ ጥቁር ጭስ የሚመጣው ከዚህም ጭምር ነው። ከእንጦጦ ግርጌ እስከ ቃሊቲ ያለው ቁልቁለት ደግሞ ለኤሌክትሪክ አውቶቡስ በረከት ነው፤ ሾፌሩ ፍሬን ሲይዝ ሞተሩ ወደ ባትሪው ኃይል ይመልሳል። አገራችን መብራቷን በአብዛኛው ከውኃ ታመነጫለች፣ ታላቁ የሕዳሴ ግድብም በጳጉሜን 2017 ዓ.ም. ተመርቋል። መንግሥትም በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ወስኗል። አቅጣጫው ትክክል ነው፤ እንደግፈዋለን። የእኔ ስጋት ሌላ ነው። ሁሉም ሰው የኤሌክትሪክ የቤት መኪና ቢይዝ ጭሱ ይቀንሳል፣ መጨናነቁ ግን እንዳለ ነው፤ ፌርማታውን የሚዘጋው መኪና ኤሌክትሪክ ቢሆን ልጅ ላዘለችው እናት ምን ይጠቅማታል? ቅድሚያው ለአውቶቡሱ ይሰጥ።

ዘላቂነት ለእኔ ከሁሉ በፊት ጥገና ነው። ባቡሮቻችን በመለዋወጫ እጥረት ምክንያት ብዙዎቹ ከሥራ ውጭ ሆነው እንደቆሙ በአደባባይ የተነገረ ነው። አዲስ ተሽከርካሪ ሲገዛ ሪባን ይቆረጣል፣ ካሜራ ይመጣል፤ ለመለዋወጫ በጀት ሲያዝ ግን የሚያጨበጭብ የለም። እኛ እናጨብጭብ። ከእያንዳንዱ የኤሌክትሪክ አውቶቡስ ግዢ ጋር የባትሪው፣ የመካኒኩ ሥልጠናና የጋራዡ ወጪ አብሮ ይታሰብ ብለን እንጠይቅ። ሌላም አለ፤ እነዚህ አውቶቡሶች ብዙም ድምፅ የላቸውም። ዓይነ ስውራን አባሎቻችን አንድ ተሽከርካሪ መቅረቡን የሚያውቁት በጆሯቸው ነው። አውቶቡሱ ወደ ፌርማታ ሲጠጋ የማስጠንቀቂያ ድምፅ እንዲሰጥና ቁጥሩን በድምፅ እንዲናገር መታዘዝ ያለበት ግዢው ሳይፈጸም ነው። በኋላ እንጨምረው ማለት እጥፍ ወጪ ነው።

የተከበራችሁ አባላት፣ ከሰዓት በኋላ በየቡድኑ ስትቀመጡ የምለምናችሁ ነገር አለ። "ትራንስፖርት ችግር አለበት" የሚል አጠቃላይ ሐሳብ አታምጡ። ፌርማታውን በስሙ ጥሩት። የቱ ጋ ነው? በስንት ሰዓት? ማን ተቸገረ? ምን ቢደረግ ይቃለላል? እንግዶቻችንም እስከ መክፈቻው ብቻ ሳይሆን እስከ ቡድን ውይይቱ መጨረሻ አብራችሁን እንድትቆዩ እንለምናለን፤ መልስ መስጠት የሚችለው ሰው በቦታው ካልተገኘ ጥያቄው ተመልሶ ወደ አዳራሽ ይገባል። የየቡድኑ ጸሐፊዎች የምትሰበስቡት ዝርዝር ማታ ተጠቃሎ ነገ ጠዋት ለሚመለከታቸው መሥሪያ ቤቶች በደብዳቤ ይሰጣል፤ ለእያንዳንዱ ፌርማታም ጉዳዩን የሚከታተል አንድ አባል ከአካባቢው ይመደባል።

በዚሁ የዘንድሮው ዓመታዊ ጉባኤያችን መከፈቱን በደስታ አበሥራለሁ። መልካም ውይይት ይሁንልን። አመሰግናለሁ።