ስሜ አሁንም አለ ወይ?

ጤና ይስጥልኝ፤ እንደምን ሰነበታችሁ? ዛሬ እንግዳ የለኝም፤ ብቻዬን ነኝ። ላለፉት ሦስት ሳምንታት ከልቤ አልወጣ ያለ አንድ ጉዳይ አለ፤ እርሱን ከእናንተ ጋር ላወጣው ላወርደው ወደድሁ።

የምኖረው በአሜሪካ፣ ከዋሽንግተን ብዙም በማይርቅ ከተማ ነው። አባል የሆንሁበት ጉባኤ የኢትዮጵያውያን ባፕቲስቶች ጉባኤ ነው። የራሳችን ሕንፃ የለንም። እሑድ ከሰዓት በኋላ አሜሪካውያኑ ባፕቲስቶች አምልኳቸውን ጨርሰው ሲወጡ እኛ እንገባለን፤ ወንበሩ ገና ሙቀቱ አይለቅም። በዓመት ሁለት ጊዜ ደግሞ ከአምልኮ በኋላ አባላት ብቻ እንቀራለን። ያለፈው ቃለ ጉባኤ ይነበባል፣ ሒሳብ ይቀርባል፣ በጀት ይጸድቃል። ብዙ ሰው የማይወደው ስብሰባ ነው። እኔም አልወደውም ነበር።

በመጨረሻው ስብሰባ ላይ «መዝገብ ማጥራት» የሚል አጀንዳ ነበረ። ጸሐፊው ከአንድ ዓመት በላይ ያልታዩ አባላትን ስም አነበበ፤ 31 ስም። የሽማግሌዎቹ ሐሳብ ከመዝገብ እንዲሰረዙ ነው። የሚደግፍ እጁን ያውጣ ተባለ። ሰዓቱ መሽቷል፣ ሕፃናቱ ደክሟቸዋል፣ በማግሥቱ ሥራ አለ። እጄን አወጣሁ። የብዙዎቻችን እጅ ወጣ።

ያን ጊዜ ከፊት ከተቀመጡት እናቶች አንዷ በትራቸውን ተደግፈው ተነሡ። በጉባኤ ሲናገሩ ሰምቻቸው አላውቅም። «እነዚህን ልጆች ስንቀበላቸው ሁላችንም ቆመን ቃል ገብተንላቸዋል። አሁን ከመሰረዛችን በፊት ማን ደወለላቸው? ማን ቤታቸው ሄደ?» አሉ። መልስ የሰጠ አልነበረም። የወጣው እጅ አንድ በአንድ ወረደ። የእኔም ወረደ። ውሳኔው ተቀይሮ ስሞቹን ተከፋፈልን፤ ለእኔ አራት ደረሱኝ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ «ቤተ ክርስቲያን ምንድን ናት?» የሚለውን ጥያቄ እንደ አዲስ እያሰብሁት ነው። መልሱን የማውቀው ይመስለኝ ነበር።

እኔ ያደግሁት በኦርቶዶክስ ቤት ነው። እንደ ማንኛዋም ሴት ልጅ በ80 ቀኔ ክርስትና ተነሥቻለሁ፤ የክርስትና ስምም የክርስትና እናትም አለኝ። አድጌ፣ በገዛ አፌ አምኜ በውኃ ልጠመቅ መሆኑን ስነግራት እናቴ፣ «ልጄ፣ ጥምቀት እኮ አንዲት ናት፤ ምን ጎደለሽ?» አለችኝ። በጊዜው መልስ አልነበረኝም፤ አለቀስሁ። ዛሬ ብትጠይቀኝ፣ አንቺ ታቅፈሽኝ የሄድሽበትን ቀን አልናቅሁም፤ ግን በዚያ ቀን ያመንሽው አንቺ ነሽ፣ እኔ ገና አላመንሁም ነበር፣ እላታለሁ። የባፕቲስቶች ትምህርት ሥሩ ይህ ነው። እምነት ይቀድማል፣ ጥምቀት ይከተላል፤ ቤተ ክርስቲያንም በዚህ መንገድ ከመጡት ሰዎች ትሠራለች። ሰው የሚወለድባት ሳትሆን አውቆ፣ ወድዶ፣ ተመስክሮለት የሚገባባት ማኅበር ናት። ወደ ውኃው ከመውረዴ በፊት በጉባኤው ፊት ቆሜ ምስክርነቴን ሰጥቻለሁ፤ ከውኃው ከወጣሁ በኋላ ደግሞ አንድ በአንድ እየመጡ ቀኝ እጃቸውን ሰጥተውኛል። የአንዳንዶቹ እጅ ሥራ ያሻከረው ነበር። እስከ ዛሬ ይታወሰኛል።

ይህ ትምህርት ርካሽ አልነበረም። ዓመቶቹን በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው የምጠራው። በ1609 በአምስተርዳም ከእንግሊዝ የተሰደዱ ጥቂት ሰዎች ነበሩ። መሪያቸው ጆን ስሚዝ ቀድሞ የእንግሊዝ ቤተ ክርስቲያን ካህን ነው። ሁሉም በሕፃንነታቸው ተጠምቀዋል፤ ያ ጥምቀት ግን እውነተኛ አይደለም ወደሚል ድምዳሜ ደረሱ። ታዲያ ማን ያጥምቃቸው? ስሚዝ በገዛ እጁ በራሱ ላይ ውኃ አፈሰሰ፤ ከዚያም ባልንጀራውን ቶማስ ሄልዊስንና ሌሎቹን አጠመቀ። ይህን ታሪክ መጀመሪያ ስሰማ ደንግጬ ነበር። ስሚዝም ቆይቶ ተጸጸተ፤ በዚያው አገር ወደነበሩት፣ እነርሱም ያመነውን ብቻ ወደሚያጠምቁት ሜኖናውያን ለመጠጋት ጠየቀ። ሄልዊስ ግን አልተከተለውም። አስተማሪውን፣ ወዳጁን ከኅብረት ለይቶ ከቀሩት ጋር ወደ እንግሊዝ ተመለሰ፤ ከለንደን ቅጥር ውጭ ስፒታልፊልድስ በሚባል ስፍራ በአገሩ ምድር የመጀመሪያውን የባፕቲስት ጉባኤ መሠረተ። ጳጳስ ቢኖራቸው ኖሮ ጳጳሱ ይዳኛቸው ነበር። አልነበራቸውም። ከፊታቸው የነበረው መጽሐፉና እርስ በርሳቸው ብቻ ነው።

ሄልዊስ በ1612 ባሳተመው መጽሐፍ አንድ ቅጂ ላይ ለንጉሥ ጄምስ በእጁ ጽፎለታል፤ ንጉሡ ሟች ሰው ነው፣ አምላክ አይደለም፣ በሰዎች ነፍስ ላይ ሥልጣን የለውም ብሎ። ነፃነቱን ለራሱ ወገን ብቻም አልጠየቀም፤ ለመናፍቅም፣ ለቱርክም (ሙስሊሙን ማለቱ ነው)፣ ለአይሁድም ጠይቋል። ኒውጌት እስር ቤት ገባ፤ በጥቂት ዓመታት ውስጥም ሞተ። ባፕቲስቶች መንግሥትና ቤተ ክርስቲያን ይለያዩ ሲሉ ነገሩ ከዚሁ ይመነጫል። እምነት የሰው የገዛ ቃሉ ከሆነ፣ በወታደር ሊያስገኙት አይቻልም።

የማቴዎስ ወንጌል 18ኛ ምዕራፍ ስለበደለ ወንድም ሲናገር መጀመሪያ ብቻህን ንገረው፣ ቀጥሎ አንድ ወይም ሁለት ሰዎች ይዘህ ሂድ፣ በመጨረሻም ለቤተ ክርስቲያን ንገራት ይላል። ባፕቲስቶች እዚህ ላይ ቆም ይላሉ። የመጨረሻው በር የጳጳስ ወይም የሲኖዶስ በር አይደለም፤ የተሰበሰበው ጉባኤ ነው። ስለዚህ መጋቢያችንን የሚጠራው ጉባኤው ነው፤ ሽማግሌና ዲያቆን የሚመርጠው፣ አባል የሚቀበለውና የሚያሰናብተውም እርሱ ነው። ያለንበት የባፕቲስቶች ኅብረት ይመክረናል፣ ይረዳናል፤ ሊያዘን ግን አይችልም። በትር የተደገፉት እናትና የዶክትሬት ዲግሪ ያለው ሽማግሌ እኩል አንድ አንድ ድምፅ አላቸው።

አሁን ግን ከባዱን ነገር መናገር አለብኝ። የወጣ እጅ ሁሉ ለእውነት አይወጣም። በ1845 በአሜሪካ ጆርጂያ፣ ኦገስታ ከተማ የደቡብ ባፕቲስቶች ኮንቬንሽን የተባለው የጉባኤዎች ኅብረት ሲመሠረት፣ ከሰሜኖቹ የተለዩበት ዋና ምክንያት ባሪያ ያለው ሰው ሚስዮናዊ ሆኖ ይላክ ወይስ አይላክ የሚለው ነበር። ይላክ ብለው እጃቸውን ያወጡት የዳኑ፣ የተጠመቁ፣ የመሰከሩ ሰዎች ናቸው። ኮንቬንሽኑ በይፋ ንስሐ የገባው በ1995 ነው፤ 150 ዓመት። ይህን ስብሰባ እያሰብሁ ሳልተኛ ያደርሁበት ሌሊት አለ። ከባሪያዎቹ ብዙዎቹ ራሳቸው ባፕቲስቶች ነበሩ እኮ። በአንድ ውኃ የተጠመቁ ወንድሞችና እህቶች ሆነው ድምፅ አልተሰጣቸውም።

በዚሁ ላይ አንድ የሚያጽናናኝ ታሪክ አለ፤ ስማችንም በውስጡ አለበት። በ1808 በኒውዮርክ የመጀመሪያው ባፕቲስት ቤተ ክርስቲያን ጥቁር ምእመናን ተለይተው እንዲቀመጡ ተደረገ። ይህን አንቀበልም ብለው ወጥተው የራሳቸውን ጉባኤ መሠረቱ። በቤተ ክርስቲያኒቱ ዘንድ ሲወርድ ሲዋረድ የመጣው ታሪክ ከእነርሱ ጋር ኢትዮጵያውያን ነጋዴዎች እንደነበሩ ይናገራል። ስሟንም አቢሲኒያን ባፕቲስት ቸርች አሏት። ዛሬ በሐርለም፣ በ138ኛው መንገድ ላይ ናት። ጀርመናዊው የሉተራን ሊቅ ዲትሪሕ ቦንሆፈር በ1930 ለትምህርት ኒውዮርክ በመጣ ጊዜ እዚያ ያመልክ ነበር፤ የሰንበት ትምህርትም አስተምሯል። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በ1954 ጎብኝተዋት መስቀል ሰጥተዋታል። በአንድ በጋ ሄጄ በሯ ላይ ቆሜአለሁ። የሐበሻ ስም የተሸከመች የባፕቲስት ቤተ ክርስቲያን፣ ከኦርቶዶክስ ንጉሥ የተቀበለችውን መስቀል ይዛ። ለእናቴ ደውዬ ስነግራት ደስ አላት። ከተጠመቅሁ ወዲህ ስለ ቤተ ክርስቲያን ተነጋግረን ሁለታችንም ደስ ያለን ያን ቀን ነው።

እነዚያ ሰዎች ቤተ ክርስቲያንን ትተው አልወጡም፤ ቤተ ክርስቲያንነታቸውን ይዘው ወጡ እንጂ። ማንም ሊሰጣቸው የማያስፈልግ ሥልጣን በመካከላቸው እንደነበረ ስላመኑ ነው። በአገራችንም ይህ ታይቷል። በ1937 ጣሊያን የሱዳን ኢንቴሪየር ሚሽን የተባለውን የወንጌላውያን ሚስዮን ሰዎች ከወላይታ ሲያስወጣ የተጠመቁት አማኞች 48 ነበሩ። ማንም አልጠበቃቸውም፤ መሪዎቻቸው ታሰሩ፣ ተገረፉ። ምእመናኑ ግን ለታሳሪዎቹ ስንቅ እያደረሱ፣ እርስ በርሳቸው እየተማማሩ፣ እያጠመቁ ቆዩ። ሚስዮናውያኑ ከጥቂት ዓመታት በኋላ ሲመለሱ ወደ 10 ሺህ የሚጠጉ አማኞች አገኙ። ከዚህ የወጡት የቃለ ሕይወት ቤተ ክርስቲያን ወገኖች ባፕቲስት አይባሉም፤ የሚያጠምቁት ግን ያመነውን ነው። ሕንፃ የለም፣ የተላከ መጋቢ የለም፤ ቤተ ክርስቲያን ግን አለች። ይህን ሳስብ፣ በተከራየነው አዳራሽ የሚያማርሩ ወገኖቼን ልነግራቸው የምፈልገው ብዙ ነገር አለኝ፤ ለሌላ ጊዜ ይቆየኝ።

ወደ አራቱ ስሞች ልመለስ። እናቴ የሰንበቴ ማኅበርተኛ ነበረች። አንዷ ማኅበርተኛ ከቀረች እናቴ ማታውኑ ዳቦ ይዛ ትሄድ ነበር፤ «ምን ሆና ይሆን?» እያለች። እኔ በትምህርት ያወቅሁትን እርሷ በእግሯ ታውቀው ነበር። የባፕቲስት ቃል ኪዳን የሚለውም ይህንኑ ነው፤ እርስ በርሳችን በፍቅር እንጠባበቃለን፣ በሕመም እንጠያየቃለን፣ የተሳሳተውን እንመክራለን። ተግሣጽ የሚባለው ነገር ሰውን ከማስወጣት በፊት እርሱን ፍለጋ መውጣት ነው። ፍለጋው ሳይኖር መሰረዙ ብቻ ሲቀር፣ የማቴዎስን ሦስት ደረጃዎች ዘልለን ከመጨረሻው ጀምረናል ማለት ነው። እኔ በዚያ ምሽት እጄን ያወጣሁት ለዚያ ነበር።

መጀመሪያ የደወልሁላቸው አባት ከስምንት ወር በፊት ዐርፈዋል። ስልኩን ያነሣችው ልጃቸው ናት። ለቀብር ማንም ከጉባኤው እንዳልመጣ ነገረችኝ፤ በቁጣ አልነበረም፤ በቁጣ ቢሆን ይሻለኝ ነበር። የጌታ እራት በምንቆርስባቸው እሑዶች እኚህ አባት ከኋላዬ ይቀመጡ ነበር። አንድ ኅብስት ቆርሰን የአንዳችንን ሞት ሌላችን አላወቅንም።

ሁለተኛዋን ያገኘኋት ሐሙስ ሌሊት ነው። በአረጋውያን መንከባከቢያ የሌሊት ፈረቃ ትሠራለች፤ እሑድም ትሠራለች። ድምፄን ስትሰማ ማን እንደሆንሁ አላወቀችም፤ ስሜንና የጉባኤያችንን ስም ነገርኋት። ለአፍታ ዝም አለች። «ስሜ አሁንም አለ ወይ?» አለች።

«አለ» አልኋት። ከዚያ በኋላ ስለ ልጆቿ፣ ስለ ጉልበቷ ሕመም አወራን፤ ደወል ተደውሎላት ወደ አንዲት በሽተኛ ክፍል እስክትሄድ ድረስ።

ለዚሁ ጉዳይ በሚመጣው ወር ጉባኤው እንደገና ይሰበሰባል። ለሟቹ አባት ልጅ ደብዳቤ እንዲጻፍ አሳስባለሁ፤ ቃለ ጉባኤው ላይም እንዲሰፍር። ሁለቱን ስሞች ገና አላገኘኋቸውም። የአንዱ ስልክ ተዘግቷል፤ አድራሻውን የሚያውቅ ሰው ተገኝቷል፤ ቅዳሜ እሄዳለሁ።