የካልሲየም እንክብል እና የእናቶቻችን ልብ

ይህን የእንክብል ብልቃጥ አቅርበው ይመልከቱት። ፊቱ ላይ በትልቁ «ካልሲየም ካርቦኔት 1,250 ሚሊ ግራም» ይላል፤ አዙረው በጀርባው ያለውን ደቃቅ ጽሑፍ ሲያነቡ ግን አንዱ እንክብል የያዘው ካልሲየም 500 ሚሊ ግራም ብቻ መሆኑን ያያሉ፤ የቀረው የካርቦኔቱ ክብደት ነው። ከውጭ አገር በሻንጣ ለእናት የሚላከውን ብልቃጥ ይህን ያህል መርምሮ የሚሰጥ ሰው ጥቂት ነው።

ሴቶች ካረጡ በኋላ ኤስትሮጅን የተባለው ሆርሞን ስለሚቀንስ አጥንታቸው ቶሎ ይሳሳል፤ እንክብሉን የሚወስዱትም ለዚህ ነው። እንክብሉ ልብን ሊጎዳ ይችላል የሚለውን ስጋት ያጎላው በኒውዚላንድ፣ በኦክላንድ ከተማ ተካሂዶ በ2008 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት ነው። ተመራማሪዎቹ አማካይ ዕድሜያቸው 74 የሆነ 1,471 ጤነኛ ሴቶችን በዕጣ ለሁለት ከፍለው፣ ለአንዱ ወገን በቀን 1 ግራም ካልሲየም፣ ለሌላው መድኃኒትነት የሌለው ተመሳሳይ እንክብል እየሰጡ 5 ዓመት ተከታተሏቸው። ድንገተኛ የልብ ሕመም ካልሲየም በወሰዱት ላይ በዝቶ ታየ፤ ይሁንና በአገሪቱ የሆስፒታል መዝገብ የተገኙ ሌሎች ሕሙማን ሲጨመሩ ልዩነቱ ጠበበ። በአሜሪካ ከ36,000 በላይ ሴቶች ለ7 ዓመት ያህል የተሳተፉበት፣ ካልሲየምን ከቫይታሚን ዲ ጋር የፈተነው ጥናት ደግሞ በልብ ላይ ጉዳት አላገኘም፤ የኩላሊት ጠጠር ግን ጨምሯል።

ስጋቱ መነሻ የለውም ማለት አይደለም። የወተትና የእርጎ ካልሲየም ቀስ እያለ ወደ ደም ሲገባ፣ እንክብል ሲዋጥ ግን በደም ውስጥ ያለው መጠን ለጥቂት ሰዓታት ከፍ ይላል፤ ይህም የደም ሥርን ሊጎዳ ይችላል የሚል መላ ምት አለ፤ ገና አልተረጋገጠም።

ስለዚህ በእኔ እምነት መቅደም ያለበት ማዕዱን መቁጠር ነው። በአሜሪካ ከ50 ዓመት በላይ ለሆኑ ሴቶች በቀን የሚመከረው 1,200 ሚሊ ግራም ካልሲየም በምግብ የሚገኘውን ጭምር የያዘ ነው፤ ከ2,000 እንዳያልፍም ይመከራል። እርጎ፣ አይብ፣ ጎመንና የጤፍ እንጀራ የሰጡት ተቆጥሮ እንክብሉ የጎደለውን ብቻ ይሙላ። በጾም ወራት ወተትና አይብ ስለሚቀሩ የሚጎድለው ይበዛል፤ ይህን ለሐኪሙ መንገር ይገባል።

ለአጥንት መሳሳት በሐኪም የታዘዘላቸው እናት ግን ይህን ሰምተው በራሳቸው እንዳያቋርጡ አደራ። ካልሲየም ካርቦኔት ከምግብ ጋር ቢወሰድ ይሻላል፤ የእንቅርት ዕጢ ሆርሞን እንክብል የሚወስዱ ከሆነም በሁለቱ መካከል 4 ሰዓት ያህል ይቆዩ።