መስመሩ ይቅደም

የተከበራችሁ የማኅበራችን አባላት፣ ወንድሞቼና እህቶቼ፣ እንኳን ለዓመታዊ ጉባኤያችን በሰላም አደረሳችሁ።

ዛሬ የማወራው ስለ ማስተላለፊያ መስመር ብቻ ነው። ማመንጫ ሲመረቅ ሁላችንም እናጨበጭባለን። ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ሕዳሴ ሲመረቅ የእኔም እንባ መጥቷል። ግን 5,150 ሜጋ ዋት ጉባ ላይ ብቻውን ምን ይሠራል? ደግነቱ በደዴሳ አድርጎ ሆለታ የሚደርሰው የ500 ኪሎ ቮልት መስመር ቀድሞ ተዘርግቶ ነበር። የካቲት 2014 የመጀመሪያው ተርባይን ኃይል ሲሰጥ መንገዱ ተከፍቶ ጠበቀው።

ኬንያን ተመልከቱ። ቱርካና ሐይቅ አጠገብ 365 የነፋስ ተርባይኖች በእ.ኤ.አ. 2017 ተተክለው አለቁ፣ መስመሩ ግን የደረሰው በእ.ኤ.አ. 2018 መስከረም ነው። ከዓመት በላይ ነፋሱ በከንቱ ነፈሰ፣ መንግሥትም ላልወሰደው ኃይል ገንዘብ ከፈለ። ቴክሳስ ደግሞ በእ.ኤ.አ. 2005 ባወጣችው ሕግ ነፋስ ያለበትን አካባቢ መንግሥት ራሱ እንዲለይ፣ መስመሩም ማመንጫውን ሳይጠብቅ እንዲታቀድ አደረገች፤ ወጪውን ለመላው የኤሌክትሪክ መረቡ ተጠቃሚ አከፋፈለችው። ወደ 7 ቢሊዮን ዶላር ፈጅቶ በእ.ኤ.አ. 2014 መጀመሪያ አለቀ። ባለሀብቶቹ ተከትለው መጡ።

እኛ ጋ ሥራውን ቀስፎ የሚይዘው ወሰን ማስከበር፣ ማለትም መስመሩ የሚያልፍበትን መሬት ካሳ ከፍሎ ነፃ ማድረግ ነው፤ ሳይት የዋለ ሁሉ ያውቀዋል። ባለፈው ክረምት ከአንድ አባት ጋር ታወር ሥር ቆመን ነበር። ሽቦው ከበላያችን እዝዝ ይላል። "ልጄ፣ ይሄ የሚጮኸው ለማን ነው የሚሄደው?" አሉኝ። ባሕር ዛፋቸው ለመስመሩ ተቆርጧል፣ ካሳው አልደረሳቸውም፣ ማታ የሚያበሩት ኩራዝ ነው። ከፍተኛ ቮልቴጅ በቀጥታ ቤት አይገባም፣ ማከፋፈያ ጣቢያ ይፈልጋል ብዬ ማስረዳት እችል ነበር። አፍሬ ዝም አልኩ።

ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 40 ላይ ካሳ በቅድሚያ ይከፈል ይላል። ስለዚህ መንግሥትን የምንጠይቀው ግልጽ ነው፦ የካሳው ገንዘብ ቁፋሮ ሳይጀመር ባንክ ይግባ፤ መስመር የሚያልፍበት ወረዳ የማከፋፈያ ጣቢያውና የሰፈር መስመሩ በጀት አብሮ ይያዝለት። ታወሩን ከብረት ሌባ የሚጠብቁልን እኮ እኚያ አባት ናቸው። መብራት ያልገባለትን ሰው ሌሊት ተነስተህ ጠብቅ ማለት በምን አፋችን?

ከሻይ በኋላ በረቂቅ አቋማችን ላይ እንወያያለን። በየሳይታችሁ ያያችሁትን ሳትሸፋፍኑ ተናገሩ፣ በተለይ የካሳውን ነገር።

ጉባኤው ተከፍቷል።