መነኩሴ «ብቸኛ» ከሆነ ወንድሞቹ ከየት መጡ?

[ትዕይንት፦ ደሴ፣ ፒያሳ፣ ጠዋት። ቆብ የደፉ አባት መቋሚያቸውን ይዘው ወደ ሐይቅ የሚሄድ ሚኒባስ ይጠብቃሉ።]

ተራኪ፦ በአጠገባቸው የሚያልፈውን ሰው «እኚህ ማን ናቸው?» ብትሉት መልሱ አንድ ቃል ነው፦ መነኩሴ። ገጠር ወጣ ስትሉ መሎክሴም ይባላል። ቃሉን ሁላችንም እናውቀዋለን፤ አገሩን የሚጠይቅ ግን ብዙ የለም።

አገሩ ግሪክ ነው። «ሞኖስ» ማለት ብቻውን የሆነ፣ አንድ ነው። ከእሱ «ሞናኮስ» ወጣ፤ ብቻውን የሚኖር ማለት ነው። ግእዝ ቃሉን ተቀብሎ «መነኮስ» አለው። እኔን የሚገርመኝ ከዚያ በኋላ የሆነው ነው። እንግዳ ነው ተብሎ ዳር አልቀረም፤ እንደ አገር ቤት ግስ ረባ፦ መነኮሰ፣ ይመነኩሳል፣ ምንኩስና፣ መነኩሲት፣ መነኮሳት። ዛሬ ባሕር ማዶ የተወለደ ነው ቢሉት ማን ያምናል? አስኬማም፣ መነኩሴው የሚለብሰው የምንኩስና ምልክት፣ እንዲሁ ነው፤ በግሪክ «ስኬማ» ነበር።

[ካርታ፦ ግብፅ፣ የአባይ ሸለቆ።]

ስሙ መጀመሪያ ላይ በልክ የተሰፋ ነበር። በሦስተኛውና በአራተኛው መቶ ዘመን የኖረው አባ እንጦንስ ዓለምን ትቶ ወደ ግብፅ በረሃ ሲገባ ብቻውን ነበር። ግን ብዙ ሳይቆይ ቀድሞ ወታደር የነበረው ጳኩሚስ በአባይ ዳር ሰዎችን ሰብስቦ አብረው እንዲጸልዩ፣ አብረው እንዲሠሩ፣ አብረው እንዲበሉ ሥርዓት አወጣ። ብቸኞቹ ማኅበር ሆኑ፤ ስሙ ግን አልተቀየረም። ሥርዓተ ጳኩሚስ በአክሱም ዘመን ከግሪክ ወደ ግእዝ ተተርጉሞ እኛም ዘንድ ደረሰ። እስካሁን ሁሉ በጋራ የሚሆንበትን ገዳም «የአንድነት ገዳም» የምንለው ከዚያው ወገን ነው።

[ትዕይንት፦ ሐይቅ። ውኃው፣ ከዛፎቹ መካከል የእስጢፋኖስ ገዳም።]

ሩቅ መሄድ አያስፈልገንም። ከደሴ በወልድያ መንገድ 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ስንጓዝ ሐይቅ እስጢፋኖስን እናገኛለን። በደብረ ዳሞ የመነኮሱት አቡነ ኢየሱስ ሞዓ በ1248 እ.ኤ.አ. እዚህ መጥተው ገዳሙን የትምህርት ቤት አደረጉት፤ ከተማሪዎቻቸው አንዱ አቡነ ተክለ ሃይማኖት ናቸው። ያስጻፉት ወንጌል፣ ከ1280 እ.ኤ.አ. አካባቢ የሆነው፣ የራሳቸው ሥዕል ያለበት፣ አሁንም አለ። የሐይቁ አለቃ ማዕረግ «ዐቃቤ ሰዓት» ሲሆን በነገሥታቱ ቤተ መንግሥት ቃሉ የሚሰማ ሰው ነበር። ከዓለም ሸሽቶ የገባ ሰው ከንጉሥ አጠገብ ሲቀመጥ ማየት ትንሽ ፈገግ ያሰኛል።

አንድ ሰው በአንድ ቀን አይመነኩስም። መጀመሪያ ረድእ ይሆናል፤ ውኃ ይቀዳል፣ እንጨት ይለቅማል፣ ይታዘዛል፣ ይፈተናል። የምንኩስናው ቀን ሲደርስ በቁሙ ጸሎተ ፍትሐት ይደገምለታል፤ ለሞተ ሰው የሚደረገው ማለት ነው። ከዚያ ወዲያ ለዓለም ሙት ነው። ቤተሰብ በዚያ ቀን የሚያለቅሰው በከንቱ አይደለም፤ ልጃቸው በሕይወት እያለ ተፈትቶለታል።

[ጽሑፍ በስክሪኑ ላይ፦ እኁ ፦ አኀው ፦ እኅት]

ያ ለዘመዶቹ የሞተ ሰው ግን ገዳም ውስጥ አዲስ ዘመድ ያገኛል። በግእዝ ወንድም «እኁ» ነው፣ ሲበዛ «አኀው»። መነኮሳቱም እርስ በርስ አኀው ናቸው። በቅዳሴ መልእክት ሲነበብ «አኀዊነ» ስትሰሙ «ወንድሞቻችን» ማለቱ ነው። አማርኛ ደግሞ እዚህ ላይ ነገር ሠርቷል፦ ከእኅት «እህት»ን አስቀረ፣ እኁን ግን ጣለውና ቦታውን ለ«ወንድም» ሰጠ። ስለዚህ እህታችሁን በጠራችሁ ቁጥር የጠፋውን ወንድሟን ሥር ይዛችሁ ትሄዳላችሁ።

ሥሩ ደሴ ውስጥ በሌላ በርም ይገባል። ከጁምዓ ሶላት የሚወጣ ወጣት ጓደኛውን «አኺ!» ብሎ ሲጠራው «ወንድሜ» ማለቱ ነው፤ ብዙ ሲሆኑ «ኢኽዋን»። የዐረብኛው «አኽ» እና የግእዙ «እኁ» አንድ ሴማዊ ቤት የተወለዱ ናቸው። ከመስጊዱና ከቤተ ክርስቲያኑ ግቢ አንድ ሥር ይሰማል፤ ብዙዎቻችን ግን አናስተውለውም።

[ትዕይንት፦ ካፌ፣ አረፋ ያለው ስኒ።]

ላቲኖቹ ደግሞ ሃይማኖታዊ ወንድሙን በቀጥታ «ፍራተር» አሉት፣ ወንድም፤ ፈረንሳዮቹ «ፍሬር»። ከእነዚህ ወንድሞች አንዱ ወገን ካፑቺን ነው፤ ስሙ ከቆባቸው ነው የወጣው፣ የምንጠጣው ካፑቺኖ ደግሞ ከልብሳቸው ቀለም። በአገራችን የካቶሊክ ሰባኪ የነበሩት አባ ማስያስ ጣሊያናዊ ካፑቺን ነበሩ። በ1878 እ.ኤ.አ. እዚሁ ደሴ አጠገብ የቦሩ ሜዳ የሃይማኖት ጉባኤ ከተደረገ በኋላ፣ በዓመቱ፣ በአፄ ዮሐንስ ትእዛዝ ከአገር እንዲወጡ ሆነ።

አንድ ነገር ልጨምር። መነኩሴ ስለ ሰው ሲወራ የሚባል እንጂ ፊት ለፊት የሚጠሩበት አይደለም። ፒያሳ ላይ ካገኛችኋቸው «አባ» በሉ፤ እሱ ደግሞ ከአራማይክ የመጣ፣ «አባት» የሚል ቃል ነው። ሚኒባሱ ሞልቶ ከሆነም ከወንበር ተነሡላቸው።