ማንም የማይፈልገው ጋዝ

ሰላም ወዳጆቼ፣ እንዴት ናችሁ? ዛሬ ሰሞኑን ከአእምሮዬ አልወጣ ያለኝን ነገር ይዤላችሁ መጥቻለሁ።

የነዳጅ ማጣሪያ አይታችሁ ከሆነ ከረጅሙ ቱቦ ጫፍ የሚንቦገቦገውን እሳት ታውቁታላችሁ። ለደህንነት የግድ የሚነድ ጋዝ አለ፣ እሱን ተዉት። እኔን የሚቆጨኝ ድሮ በከንቱ ሲቃጠል የኖረው ነው።

ከባዱ ዘይት በሙቀት ተሰነጣጥቆ ቤንዚን ሲሆን ፍርፋሪ ይተርፋል። ሦስትና አራት ካርቦን ብቻ ያላቸው ጋዞች ናቸው፤ ፕሮፒሊን፣ ቡቲሊን፣ ኢሶቡቴን። ቤንዚን እንዳይሆኑ አንሰዋል። ስለዚህ ወይ ለማሞቂያ፣ ወይ ለሰማይ።

ሩሲያዊው ኬሚስት ቭላድሚር ኢፓቲየፍ በ1930 እ.ኤ.አ. ሶቭየት ኅብረትን ጥሎ ሲወጣ ዕድሜው ከ60 አልፏል። ሌላው ሰው ጡረታ በሚያስብበት ዕድሜ እሱ አሜሪካ ገብቶ እንደ አዲስ ጀመረ። ፎስፎሪክ አሲድን ጠጣር ላይ አሲዞ ፕሮፒሊንንና ቡቲሊንን እርስ በርስ አገጣጠማቸው። ጋዝ ገባ፣ ቤንዚን ወጣ!

ኢሶቡቴን ግን ቀረ። ኬሚስቶቹ ከማንም ጋር አይገጥምም ብለው ተስፋ ቆርጠውበት ነበር። ኢፓቲየፍና ወጣቱ ኸርማን ፓይንስ ግን እንደሚገጥም አሳዩ። ዛሬ አልኪሌሽን የምንለው፣ ኢሶቡቴንን ከእነ ቡቲሊን ጋር አገጣጥሞ ቤንዚን የመሥራት ዘዴ፣ ከዚያ የመጣ ነው። እስኪ አስቡት፤ ኢሶቡቴን ከዜሮ በታች 12 ዲግሪ ገደማ ላይ ይፈላል። በብርቱ አሲድ ውስጥ ከቡቲሊን ጋር ሲገናኝ ግን የኢሶኦክቴን ዘመዶች ይወጣሉ። ኢሶኦክቴን የሚፈላው 99 ዲግሪ ላይ ነው፤ ቤንዚን ሞተር ውስጥ ያለ ጊዜው እንዳይነድ ያለውን ብቃት የሚለካው የኦክቴን መለኪያ 100 የተባለውም በእሱ ነው። በ1940 የእንግሊዝ ተዋጊ አውሮፕላኖች ባለ 100 ኦክቴን ቤንዚን ሲሞሉ ከማጣሪያ ጋዝ የተሠራ ኢሶኦክቴን አብሮ ነበረበት። ያ የተናቀ ጋዝ!

አሁን የሚያስጨንቀኝን ልንገራችሁ። አሲዱ። ብዙ ማጣሪያዎች ለዚህ ሥራ ሃይድሮፍሎሪክ አሲድ ይጠቀማሉ፤ ሲያመልጥ በአየር ላይ የሚሄድ መርዝ ነው። ሰኔ 2019 አሜሪካ፣ ፊላደልፊያ ባለ አንድ ማጣሪያ፣ በዚሁ አሲድ በሚሠራው ክፍል ውስጥ፣ ከ1973 ጀምሮ የተገጠመ አንድ የታጠፈ ቧንቧ ተበልቶ ተበልቶ ሳስቶ ተቀደደ። ማጣሪያው ፈነዳ፤ ከዚያ በኋላ ተዘጋ። አንድ ቁራጭ ቧንቧ ነው እኮ። በጊዜው ውፍረቱን የለካው ቢኖር ኖሮ እያልኩ እብሰለሰላለሁ።

እዚያው አሜሪካ ሶልት ሌክ ሲቲ ያለ አንድ ማጣሪያ ግን በ2021 ያንን አሲድ ትቶ አዮኒክ ሊኩዊድ በሚባል ፈሳሽ ጨው መሥራት ጀምሯል። ጨው ስለሆነ እንደ አሲዱ ወደ አየር አይተንም፤ ጋዙም ቤንዚን ይሆናል። ሌሎቹ ወጪው ከብዶን ነው ሲሉ እሰማለሁ፣ ይገባኛልም። ግን ከአጥሩ ማዶ ሰው እየኖረ እስከ መቼ ይጠብቃሉ?