ኢ-አማኙ ፈላስፋ ለምን ሐሳቡን ቀየረ? የአድማጮች ጥያቄና መልስ

ባለፈው ሳምንት ስለ እንግሊዛዊው ፈላስፋ አንቶኒ ፍሉ ካወራን በኋላ ስልኩ አላረፈም። አብዛኞቹ የደወሉት ከከተማው ዳር ነው፤ ከየካ አባዶ፣ ከኮዬ ፈጬ፣ ከለገጣፎ፣ ከሱሉልታ። ሰዓት ስላጠረን በችኮላ የመለስኳቸውን እዚህ ትንሽ ሰፋ አድርጌ ጽፌያቸዋለሁ።

ከየካ አባዶ፣ ወጣት ወንድማችን፦ «መምህር፣ ቴሌግራም ላይ የዓለም ቁጥር አንድ ኢ-አማኝ አመነ የሚል አየሁ። የምር ነው?»

የምር ነው። «ቁጥር አንድ» የሚለውን ግን ተወው፤ እንዲህ ያለ ደረጃ የሚሰጥ የለም። ፍሉ በፈረንጆቹ 1923 ለንደን ተወለደ። በኦክስፎርድ፣ በአበርዲን፣ በኪልና በሬዲንግ አስተምሯል። ከሃምሳ ዓመት በላይ «ፈጣሪ አለ ለማለት የሚያበቃ ማስረጃ የለም» ሲል ኖረ። ከዚያ በ2004፣ በ81 ዓመቱ፣ ሐሳቤን ቀይሬያለሁ አለ።

ከኮዬ ፈጬ፣ አንዲት እህት፦ «የአትክልተኛው ምሳሌ ያሉት አልገባኝም። ቢደግሙልኝ?»

ደስ ይለኛል፤ የሰውየው ጥንካሬ እዚህ ላይ ነው። በ1950 ያሳተመው አጭር ጽሑፍ ውስጥ ያለ ምሳሌ ነው። መነሻውን ያገኘው ከሌላ ፈላስፋ ከጆን ዊዝደም ነው።

ሁለት መንገደኞች ጫካ ውስጥ ገላጣ ቦታ ያገኛሉ። አበባውም አረሙም አብሮ በቅሏል። አንዱ «አትክልተኛ አለው» ይላል፤ ሌላው «የለውም»። ቁጭ ብለው ይጠብቃሉ፤ ማንም አይመጣም። በኤሌክትሪክ ሽቦ ያጥሩታል፣ አነፍናፊ ውሻ ያመጣሉ። ምንም የለም። የመጀመሪያው ግን «አትክልተኛው የማይታይ፣ የማይዳሰስ፣ ሽታም ድምፅም የሌለው ነው» ይላል። ሁለተኛው ተስፋ ቆርጦ ይጠይቀዋል፦ እንዲህ ያለው አትክልተኛ ጭራሽ ከሌለ አትክልተኛ በምን ይለያል?

እኔም ኮንዶሚኒየም ነው የምኖረው። ከብሎካችን ሥር ጥብስ ቅጠልና ጤና አዳም የተተከለባት ትንሽ መሬት አለች። ማን እንደሚያጠጣት ለወራት አላየሁም። ግን ጠዋት ስወጣ አፈሩ እርጥብ ነው፤ ጄሪካኑም ቦታ ቀይሮ አገኘዋለሁ። የፍሉ ጥያቄ ይሄው ነው፦ እርጥቡ አፈር የታለ? እኔ አማኝ ነኝ፤ ጥያቄው ግን ትክክለኛ ጥያቄ ነው። ጠያቂውን መሳደብ መልስ አይሆንም።

ከቱሉ ዲምቱ፦ «ታዲያ እርጥቡን አፈር የት አገኘው?»

አገኘሁት ያለው በሕይወት አጀማመር ውስጥ ነው። በሕያዋን ሕዋሳት ውስጥ ያለው ዲኤንኤ የተሸከመውን መረጃ ስፋትና ውስብስብነት ሲያይ፣ ራሱን የሚያባዛ ሕይወት ከግዑዝ ነገር እንዲሁ ጀመረ ማለት ከበደው። የተፈጥሮ ሕግጋት ሥርዓትም ከኋላው አእምሮ ያለ አስመሰለው። እዚህ ላይ ግን አንድ ነገር ልደብቃችሁ አልፈልግም። ሳይንቲስቶች ስለ ሕይወት አጀማመር ያቀረቧቸውን ሐሳቦች በቅጡ እንዳልተከታተለ በኋላ ራሱ አምኗል። ያም ሆኖ ፈጣሪ አለ ከማለት አልተመለሰም።

ከለገጣፎ፣ አንዲት እናት፦ «ልጄ፣ ተጠመቀ ወይ?»

አይ እማማ፤ ወደ ክርስትና አልተመለሰም። የእሱ ፈጣሪ የጥንቱ ግሪካዊ ፈላስፋ የአሪስቶትል ዓይነት ነው። ዓለምን ያስጀመረ፣ ግን ጸሎት የማይሰማ፣ ነቢይ የማይልክ። ፈረንጆቹ ይህን ዴይዝም ይሉታል። ሐተታ ዘርዓ ያዕቆብ ከሚባለው የእኛው የፍልስፍና መጽሐፍ ጋር ማነጻጸር ይቻላል። (ጸሐፊው ማን ነው የሚለው ምሁራንን እስካሁን ያከራክራል።) ዘርዓ ያዕቆብም በዋሻው ተቀምጦ ፈጣሪን በልቡናው ይፈልገዋል። ግን መዝሙረ ዳዊቱን ይዞ ነው፣ እየጸለየ። ፍሉ እዚያ ድረስ አልሄደም። ስለዚህ በየመድረኩ «የእኛ ሆነ» እያልን ባናጨበጭብለት ደግ ነው። ያላለውን አለ ማለት ሐሰተኛ ምስክርነት ነው።

ከሰበታ፣ አንድ ወንድም፦ «ሽማግሌ ሆኖ ሞት ፈርቶ ነው። መጽሐፉንም ሌላ ሰው ነው የጻፈለት ይባላል።»

የመጀመሪያው አያስኬድም። ፍሉ ከሞት በኋላ ሕይወት አለ ብሎ አላመነም፤ እንዲኖርም አልፈለገም። በ2010 እስኪሞት ድረስ በዚሁ ጸና። ሁለተኛው ግን እውነት አለበት። ስለ ሐሳቡ መቀየር በ2007 በስሙ የወጣውን መጽሐፍ በአብዛኛው የጻፈው ተባባሪው ሮይ አብርሃም ቫርጌዝ ነው። በዚያው ዓመት አንድ የኒውዮርክ ታይምስ ጋዜጠኛ ፍሉን ቤቱ ሄዶ አነጋግሮት፣ ብዙ ነገር እየረሳ እንደሆነ ጽፏል። ፍሉ በበኩሉ፣ አርጅቻለሁ፣ የጽሕፈቱን ሥራ የሠራው ቫርጌዝ ነው፣ ሐሳቡ ግን የእኔ ነው ብሎ መለሰ። እኔ ከመጽሐፉ ይልቅ ቀደም ብሎ በ2004 በአንደበቱ የተናገረውን አምናለሁ።

ከሱሉልታ፣ አንድ አባት፦ «ልጄ ዩኒቨርሲቲ ከገባ ወዲህ እግዚአብሔር የለም ይለኛል። እናቱ ታለቅሳለች። ምን ላድርግ?»

አባቴ፣ በዚህ ጥያቄ ሌሊቱን ሳስብ አደርኩ። የፍሉ አባት የሜቶዲስት ቤተ ክርስቲያን አገልጋይ ነበሩ። ልጃቸው እምነቱን የተወው በ15 ዓመቱ ገደማ ነው። «ሁሉን ቻይና ደግ አምላክ ካለ ይህ ሁሉ ክፋት ከየት መጣ?» የሚለው ጥያቄ ነው የበረታበት። ያኔ ናዚዎች በገነኑበት ዘመን ጀርመንን አይቷል። ለወላጆቹ ግን አልነገራቸውም። ቤት ውስጥ ጸብ እንዳይነሳ ብሎ ለዓመታት ደበቃቸው። አባትየው በ1962 አረፉ፤ ልጃቸው ሐሳቡን የቀየረው ከዚያ ከ40 ዓመት በላይ ቆይቶ ነው። አላዩትም።

የእርስዎ ልጅ አልደበቀዎትም። ፊት ለፊት ነግሮዎታል፤ ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ይመለሳል ብዬ ቃል አልገባልዎትም። ግን ለእረፍት ሲመጣ አይገሥጹት፤ ሽማግሌም አይላኩበት። ቡናው ሲፈላ አጠገብዎ አስቀምጠው «ምን አይተህ ነው?» ብለው ይጠይቁት። ከዚያ እስከ ሦስተኛው ድረስ ዝም ብለው ያዳምጡት።